ከበዓለ ልደት እስከ ትንሣኤ፤ የኢየሩሳሌም ተሳላሚ ፓስፖርት



ስለ ልደት የሚናገረው የቅዱስ ሉቃስ ወንጌል ነገሩን የሚጀምረው ከመዝገብ ነው። አውግስጦስ ቄሣር ዓለሙ ሁሉ እንዲጻፍ ትእዛዝ በማውጣቱ፣ ዮሴፍ ፀንሳ የነበረችውን ቅድስት ድንግል ማርያምን ይዞ ከናዝሬት ወደ ቤተ ልሔም ወጣ። ስምንና ወገንን በመንግሥት መዝገብ ለማስጻፍ መድከም የዛሬ ሰው ብቻ ጣጣ አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ነገሩን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በዛሬው በዓል ማዕድ ዙሪያ፣ ቡናው ተፈልቶ ጨዋታው ሲደራ፣ ከአዛውንቶቹ አንዱ ወይም አንዷ «ዘንድሮስ ለትንሣኤ ኢየሩሳሌም ደርሼ በመጣሁ» የሚሉበት ቤት ጥቂት አይደለም። ምኞቱ የቆየ ነው። አባቶቻችን በእግርና በበቅሎ፣ ከዚያም በመርከብ የግብፅን ምድር አቋርጠው ጎልጎታን የተሳለሙበት ጉዞ ዛሬ በአውሮፕላን የጥቂት ሰዓታት መንገድ ሆኗል። የመንገዱ ድካም ሲቀንስ የወረቀቱ ድካም ግን ጨምሯል። ትንሣኤ ቢፈጥን መጋቢት 26፣ ቢዘገይ ሚያዝያ 30 ቀን ይውላልና፣ በፈጠነበት ዓመት ከልደት እስከ ትንሣኤ ሦስት ወር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ የተሳላሚው ፓስፖርት ከሣጥን ወጥቶ መታየት ያለበት በሆሣዕና ሳምንት ሳይሆን በዚህ በልደት ሰሞን ነው።

ከፓስፖርት በፊት ስለነበረው የይለፍ ደብዳቤ ለማወቅ የሚሻ አንባቢ መጽሐፈ ነህምያን ይመልከት። ነህምያ በሱሳ ግንብ የንጉሡ የአርጤክስስ ጠጅ አሳላፊ ነበር። በኒሳን ወር፣ ማለትም ፋሲካ በሚከበርበት ወር፣ ወደ ኢየሩሳሌም ለመሄድ ፈቃድ ለመነ። ንጉሡ በመጀመሪያ የጠየቀው መንገዱ ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድና መቼ እንደሚመለስ ነው። ነህምያም ቀኑን ቆርጦ ተናገረ። ከዚያም በወንዝ ማዶ ያሉ ገዢዎች እንዲያሳልፉት ደብዳቤ እንዲጻፍለት ለመነ፤ የንጉሡን ደን ለሚጠብቀው ለአሳፍ የሚሰጥ ሌላ ደብዳቤም ጨመረ። እምነቱ የጸና ሰው ነበር፤ ግን ወረቀቱን ሳይዝ አልተነሣም። በዛሬው የቆንስላ መስኮት ላይ የሚቀርበውም ጥያቄ ያው የአርጤክስስ ጥያቄ ነው፤ ስንት ቀን ትቆያለህ? መቼስ ትመለሳለህ? ዛሬ የምናውቀው ደብተር መሰል ፓስፖርት ግን የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1920 በፓሪስ በተደረገ ስብሰባ ነው አገሮች አንድ ወጥ መልክ እንዲኖረው የተመካከሩበት።

ይህን ጉዳይ በጥንቃቄ እንድንመለከት ያደረገን በገዛ ቤተሰባችን የደረሰ ነገር ነው። አንዲት አክስታችን ለዓመታት ዕቁብ ጥለው፣ ከጡረታቸውም ቆጥበው ለኢየሩሳሌም ጉዞ ተዘጋጁ። ቪዛው ተገኘ። ዳቦ ቆሎውና በሶው ተሰነቀ። ጎረቤቱም ዘመዱም ጧፍ አመጣ፤ በጎልጎታ እንዲታሰብለት የሚወደውን ሰው ስመ ክርስትና በወረቀት እየጻፈ ሰጣቸው። ቲኬቱን የገዛችላቸው በውጭ አገር የምትኖር ልጃቸው ነበረች፤ ስጦታዋ ነው። ልጅቷ በቲኬቱ ላይ ያስጻፈችው ግን ከሕፃንነቷ ጀምሮ የምታውቀውን፣ ቤተሰቡም ሠፈሩም የሚጠራቸውን ስም ነው። በፓስፖርታቸው ላይ የተጻፈው ደግሞ በወጣትነታቸው ለሥራ ሲቀጠሩ በመዝገብ የገባው ሌላ ስም ነው። በአውሮፕላን ማረፊያው የመንገደኛ መቀበያ ጠረጴዛ ላይ ሁለቱ ስሞች ጎን ለጎን ሲታዩ፣ ባለ ፓስፖርቷና ባለ ቲኬቷ ሁለት ሴቶች ሆነው ተገኙ። የቲኬቱ ዓይነት ስም ለመለወጥ የማይፈቅድ ነበረና በዚያ ሌሊት የሚደረግ ነገር አልነበረም። ጧፉና የስሞቹ ዝርዝር አብራቸው ልትጓዝ ከነበረች ጎረቤት ጋር ሄደ። አክስታችን ቀሩ። በዚያን ጊዜ ሰባ ዓመት አልፏቸው ነበርና «ለከርሞ» የሚለው ማጽናኛ በእርሳቸው ዕድሜ ላለ ሰው ቀላል ቃል አልነበረም።

ስለዚህ ምክራችንን ከስም እንጀምራለን።

እኛ ኢትዮጵያውያን የራሳችንን ስም፣ የአባታችንንና የአያታችንን ስም አከታትለን እንጠራለን እንጂ በምዕራባውያን ልማድ የቤተሰብ ስም የሚባል የለንም። የዓለም የጉዞ ሥርዓት ግን የቤተሰብ ስም የሚሞላበት ሣጥን ባዶ እንዲሆን አይፈቅድም። በዚህ ሣጥን ውስጥ የአባትን ስም እናግባ ወይስ የአያትን ብሎ መከራከር አያስፈልግም፤ መልሱ ያለው በራሱ በፓስፖርቱ ውስጥ ነው። ፎቶግራፉ ካለበት ገጽ ግርጌ በላቲን ፊደልና በቁጥር የተጻፉ፣ በመካከላቸው የቀስት ጫፍ የሚመስሉ ምልክቶች ያሉባቸው ሁለት ረጃጅም መስመሮች ይገኛሉ። እነዚህ መስመሮች ለመሣሪያ የሚነበቡ ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም 44 ምልክት አላቸው። በላይኛው መስመር ከአገራችን መለያ ከሦስቱ ፊደላት፣ ከኢ፣ ከቲና ከኤች ቀጥሎ የሚመጣው ቃል መሣሪያው እንደ ቤተሰብ ስም የሚያነበው ነው። ከዚያ ሁለት የቀስት ጫፎች ተከታትለው ይመጣሉ፤ ከእነርሱ በኋላ ያሉት ደግሞ ቀሪዎቹ ስሞች ናቸው። ቲኬት ሲቆረጥም ሆነ የቪዛ ቅጽ ሲሞላ ይህንኑ ቅደም ተከተልና ይህንኑ የፊደል አጻጻፍ ሳያዛንፉ መገልበጥ ነው።

የፊደል አጻጻፉ ነገር ራሱን የቻለ ወጥመድ ነው። ጸሐይ የሚለውን ስም አንዱ ጸሐፊ በቲና በኤስ ይጀምረዋል፣ ሌላው በኤስ ብቻ። በእኛ ጆሮ አንድ የሆነው ስም በመሣሪያው ዓይን ሁለት ነው። ከሁሉ ይበልጥ የሚያስቸግሩት ግን የእኛው የክርስቲያን ቤት ስሞች ናቸው። ገብረ ማርያም፣ ወልደ ጊዮርጊስ፣ ኃይለ ሥላሴ፣ ወለተ ሚካኤል የመሳሰሉት በአንዱ ወረቀት ላይ ተያይዘው፣ በሌላው ተለያይተው ይጻፋሉ። ተለያይተው በተጻፉ ጊዜ «ገብረ» ለብቻው ስም፣ «ማርያም» ደግሞ የቤተሰብ ስም ሆኖ ይቀራል፤ ሽማግሌው አባታችንም በባዕድ አገር አውሮፕላን ማረፊያ «ሚስተር ማርያም» ተብለው ሲጠሩ የሚጠራው ሰው ሌላ መስሏቸው ዝም ብለው ይቀመጣሉ። የተሳሳተ ነገር ከታየ የሚታረመው በፓስፖርቱ ላይ ነው እንጂ በቲኬቱ ላይ በብልሃት የሚጠገን አይደለም። መነኮሳትም ቢሆኑ በምንኩስና የተሰጣቸው ስም ሳይሆን በፓስፖርቱ ላይ ያለው ስም ነው የሚቆጠረው። «እማሆይ» የሚለውን ማዕረግ በቲኬቱ የስም ሣጥን ውስጥ ማስገባትም አዲስ ስም እንደመጨመር ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የዘመን አቆጣጠር ነው።

ፓስፖርት የሚጻፈው በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ነው። በእኛ አቆጣጠር ላይ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ባለው ጊዜ 7 ዓመት፣ ከታኅሣሥ 23 በኋላ ደግሞ 8 ዓመት ይጨመራል። በዘመነ ዮሐንስ ይህ ድንበር በአንድ ቀን ወደ ኋላ እንደሚመጣ፣ የልደት በዓልም ታኅሣሥ 28 እንደሚውል አንባብያን ያውቃሉ። እንግዲህ በአስተርእዮ ማርያም ዕለት፣ ጥር 21 ቀን 1950 ዓ.ም. የተወለዱ እናት በፓስፖርት ላይ የልደት ቀናቸው ጃንዋሪ 29 ቀን 1958 ነው። ቅጽ የሞላላቸው ልጅ ጥርን ጃንዋሪ ብቻ አድርጎ፣ ቀኑንና ዓመቱን እንዳለ ቢተወው፣ እናቱን በአንድ ጊዜ ስምንት ዓመት ያስረጃቸዋል። አንዱ ወረቀት እንዲህ፣ ሌላው እንዲያ ሆኖ ቆንስላ ፊት ሲቀርብ ደግሞ ጥርጣሬን ይወልዳል። የተወለዱበትን ቀን በትክክል የማያውቁ፣ «ጣሊያን በወጣ በስንተኛው ዓመት» እያሉ የሚቆጥሩ አረጋውያንም አሉ። ለእነርሱ የምንለው አጭር ነው፤ በፓስፖርቱ ላይ አንድ ጊዜ የገባው ቀን ወደፊት በሚሞላው ቅጽ ሁሉ ሳይለወጥ ይደገም።

የአቆጣጠሩ ልዩነት ከልደት ቀን ይልቅ የሚጎዳው በፓስፖርቱ ማብቂያ ቀን ላይ ነው። 2028 የሚለውን ቁጥር በእኛ ዘመን የሚያነብ አዛውንት፣ ለፓስፖርቱ የሌለውን ሰባትና ስምንት ዓመት ይመርቅለታል፤ ሣጥን ውስጥም አስቀምጦ ይረሳዋል። ማብቂያው በገጹ ላይ በግልጽ የተጻፈ ቢሆንም ከግርጌው ሁለተኛ መስመርም ማረጋገጥ ይቻላል። በዚያ መስመር ከአገሪቱ መለያ በኋላ የልደት ቀን በስድስት አኃዝ፣ ከዚያ አንድ የማጣሪያ አኃዝ፣ ከዚያ ለወንድ ኤም ወይም ለሴት ኤፍ የሚል ፊደል፣ ቀጥሎም ማብቂያው በስድስት አኃዝ ይገኛል። የሚነበበውም ዓመት፣ ወር፣ ቀን ተብሎ ነው። 280415 ማለት ኤፕሪል 15 ቀን 2028፣ በእኛ ሚያዝያ 7 ቀን 2020 ዓ.ም. ነው። የትምህርት ቤት ተማሪ የሆነ የልጅ ልጅ ይህን ለአያቱ ቢያነብላቸው ለበዓል ቀን የሚሆን መልካም ጨዋታ ይመስለናል።

እስከ ማብቂያው ቀን ጥቂት ጊዜ ቀርቶታልና ይበቃል ማለትም አይገባም። በርካታ አገሮች ፓስፖርቱ መንገደኛው ከገባበት ቀን በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር የሚሠራ እንዲሆን ይጠይቃሉ፤ ለእስራኤል ጉዞም ይህንኑ መለኪያ መያዝ ይበጃል። ትንሣኤ ሚያዝያ መጨረሻ ቢውል እንኳ እስከ ኅዳር መጨረሻ የሚዘልቅ ፓስፖርት የያዘ ተሳላሚ አይሰጋም። ከዚያ ያነሰ ከሆነ ቪዛ ከመጠየቅ በፊት ማሳደስ ነው፤ ምክንያቱም ቪዛውም ቲኬቱም በፓስፖርቱ ቁጥር ላይ የሚቆም ነው፣ ቁጥሩ ደግሞ በአዲስ ደብተር ሲተካ ይለወጣል። ወደ አውሮፓ የሼንገን አገሮች ልጆቻቸውን ለመጠየቅ የሚያስቡ ወላጆች በበኩላቸው ሌላ ስሌት ያጋጥማቸዋል። በዚያ ከአገሩ ከሚወጡበት ቀን በኋላ ሦስት ወር የሚሠራ፣ ከተሰጠ አሥር ዓመት ያላለፈውና ሁለት ባዶ ገጽ ያለው ፓስፖርት ለቪዛ ይጠየቃል።

ለማደስም ሆነ አዲስ ለማውጣት የሚሄዱት ወደ ኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ነው። የሚጠየቁት ሰነዶችና ክፍያው ስለሚለዋወጡ በዚህ ገጽ መዘርዘሩን ትተነዋል፤ ከአገልግሎቱ ከራሱ መጠየቅ ይሻላል። አንድ ነገር ግን ሳንል አናልፍም። «በሦስት ቀን አወጣላችኋለሁ» የሚል ደላላ፣ የእናትን የጉዞ ገንዘብ ከመብላቱ በላይ ፎቶግራፋቸውንና ማስረጃቸውን በማያውቁት ሰው እጅ ይጥላል። ፎቶግራፉን በተመለከተ ፊት ከግንባር እስከ አገጭ፣ ግራና ቀኙም ሳይሸፈን መታየት አለበት። በሃይማኖት ምክንያት ራስን መሸፈን በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ የታሰበበት ነገር ነው፤ ቆብ የደፉ መነኮሳትም ሆኑ ነጠላ የተከናነቡ እናቶች ፊታቸውን የሚያጠላ ነገር እንዳይኖር ብቻ ይጠንቀቁ። በእርሻና በማገዶ ሥራ የኖሩ እጆች የጣት አሻራቸው ስለሚያልቅ መሣሪያው አንዳንዴ አላነብም ይላል። በዚህ ጊዜ እጅን ታጥቦ ትንሽ ቅባት መቀባትና በትዕግሥት መድገም ነው እንጂ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ፓስፖርቱ ከተስተካከለ በኋላ የቪዛው ነገር ይቀጥላል። የኢትዮጵያን ፓስፖርት የያዘ ተሳላሚ ከመነሣቱ በፊት የእስራኤልን ቪዛ ማግኘት አለበት። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ፣ የዚያን አገር ዜግነት የያዙ ወገኖቻችን ያለ ቪዛ መግባት ቢፈቀድላቸውም፣ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2025 ወዲህ ከጉዞው በፊት በኤሌክትሮኒክ መንገድ የጉዞ ፈቃድ እንዲወስዱ ግዴታ ሆኗል። ከመስከረም 26 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ በአካባቢው በተነሣው ጦርነት ምክንያት በረራዎች በተለያየ ጊዜ የተቋረጡበት ሁኔታ ስለነበረ፣ ለጉዞ አዘጋጅ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ጉዞው ቢቀር የሚመለሰው ምን ያህል እንደሆነ በጽሑፍ ማስያዝ ይገባል።

እዚህ ላይ ጥቂት ሰው የሚያስበው አንድ ነገር አለ። ሊባኖስ የእስራኤል ቪዛ ወይም ማኅተም ያለበትን ፓስፖርት የያዘ ሰው እንዲገባ አትፈቅድም። በቤይሩት የምትሠራ ልጅ ለፈቃድ መጥታ ከእናቷ ጋር ኢየሩሳሌምን ተሳልማ ወደ ሥራዋ እመለሳለሁ ብትል፣ ያ ቪዛ የእንጀራዋን በር ሊዘጋባት ይችላል። የእስራኤል ድንበር ሠራተኞች በፓስፖርቱ ላይ ማኅተም ከመምታት ይልቅ ትንሽ የወረቀት ካርድ የመስጠት ልማድ አላቸው፤ በፓስፖርቱ ላይ የተለጠፈ ቪዛ ግን በካርድ አይሸፈንም። ልጅቷ ከመነሣቷ በፊት ይህን ታስብበት። ካርዱ የተሰጠው ተሳላሚ ደግሞ በመጽሐፉ ውስጥ ዕልባት አድርጎ እንዳይረሳው፤ እስኪወጣ ድረስ ከፓስፖርቱ ጋር ይያዝ።

ኢየሩሳሌም ከደረሱ በኋላ የፓስፖርት ጠላቶች ውኃና ሰም ናቸው ብንል ማጋነን አይሆንም። ተሳላሚ ሌባ ፈርቶ ፓስፖርቱን በወገቡ ይታጠቃል፤ እንደታጠቀም ነጭ ልብሱን ለብሶ ዮርዳኖስ ይገባል። በቀዳም ሥዑር ምሽት ደግሞ በጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ሰገነት ላይ በሚገኘው ዴር ሱልጣን ገዳማችን ጧፍ እያበራ በሚዞረው ሕዝብ መካከል ሰሙ በትከሻም በኪስም ላይ ይንጠባጠባል። የረጠበ፣ ቅጠሉ የተነቀለ ወይም ፎቶግራፉ የደበዘዘ ፓስፖርት በመመለሻ ቀን ተቀባይነት ሊያጣ ይችላል። በ2017 ዓ.ም. መሰጠት በጀመረው በኤሌክትሮኒክ ፓስፖርት ውስጥ ደግሞ በዓይን የማይታይ፣ መረጃ የያዘ ጥቃቅን መሣሪያ ስላለ፣ ማጠፍና ማርጠብ ከቀድሞው ይበልጥ ይጎዳዋል። ውኃ በማያስገባ ላስቲክ ጠቅልሎ፣ ወደ ዮርዳኖስ ሲወርዱ በዳር ለሚቆም የታመነ ሰው መስጠት ነው።

የፎቶግራፉ ገጽና የቪዛው ገጽ ግልባጭ ሁለት ቅጂ ይደረግ፤ አንዱ በሻንጣ፣ ሌላው በቤት ከልጆች ዘንድ ይቀመጥ። ፓስፖርቱ ቢጠፋ ለአገሩ ፖሊስ አስታውቆ የማስረጃ ወረቀት መቀበል፣ ከዚያም ቴል አቪቭ ወደሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ማመልከት ያሻል። ግልባጩ በእጅ ካለ ለመመለሻ የሚሆን የይለፍ ወረቀት ማግኘቱ ይቀላል። የቡድን መሪዎች ለቆጠራ እንዲመቻቸው ፓስፖርቶችን ሰብስበው ሲይዙ ይታያል። በድንበር ላይ ለጥቂት ሰዓት ከሆነ ይሁን፤ ሌሊቱን ግን ሰነዱ ከባለቤቱ ጋር ማደር አለበት።

በመጨረሻ ስለ መመለስ። ቪዛው የፈቀደውን ቀን አሳልፎ መቅረት የአንድ ሰው ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ከዚያ በኋላ በዚያው ቆንስላ መስኮት የሚቆሙት እናቶችና አባቶች ግን ባልሠሩት ሥራ ይጠረጠራሉ፤ ምኞታቸው ጎልጎታን ተሳልሞ ለአገራቸው አፈር መብቃት ብቻ የሆነ ሰዎች የቤት ካርታና የባንክ ደብተር ይዘው እንዲመላለሱ ይገደዳሉ። አብሮ የተጓዘ ሰው መቅረቱም ለቡድኑ አዘጋጅ የሚቀጥለው ዓመት ዕዳ ነው።

አክስታችን በተከታዩ ዓመት ሄዱ። ያን ጊዜ ፓስፖርታቸውን ገና በልደት ማግሥት ከሣጥን አውጥተው የልጅ ልጃቸውን አስቀመጡና ፊደል በፊደል አስነበቡት፤ እርሱ ያነበበውን በወረቀት ጽፎ በውጭ ላለችው ልጃቸው ላከላት፤ እርሷም በቲኬቱ ላይ ያንኑ አስጻፈች። በቆንስላው መስኮት መቼ እንደሚመለሱ በተጠየቁ ጊዜ «ለዳግማይ ትንሣኤ ቤቴ ነኝ» ብለው መለሱ። አስተርጓሚዋ ግራ ተጋብታ ዝም ስትል፣ የልጅ ልጃቸው ቀኑን በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር የጻፈበትን ብጫቂ ወረቀት ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው በመስኮቱ አሳለፉላት።